እናቴንና ልጆቼን ይዤ ኮሎራዶ ስፕሪንግስ ልሂድ?

ጥያቄ፦ «የምንኖረው ዳላስ ነው። እኔ፣ ባለቤቴ፣ የ13፣ የ9 እና የ4 ዓመት ልጆቻችን፣ ከሁለት ወር በፊት ከአዲስ አበባ የመጣችው እናቴም ተጨምራ፣ ስድስት ሆነን በኦገስት ሁለተኛ ሳምንት ኮሎራዶ ስፕሪንግስ ለመሄድ አስበናል። የምንሄደው በመኪናችን ነው፤ እዚያ አምስት ሌሊት እናድራለን። ባለቤቴ በደረስን ማግስት በባቡር ፓይክስ ፒክ ተራራ ጫፍ እንውጣ ይላል። እናቴ 68 ዓመቷ ነው፣ የደም ግፊት መድኃኒት ትወስዳለች። ከፍታው ያስፈራኛል ስለው ‹የአዲስ አበባ ልጆች አይደለንም እንዴ?› ብሎ ይስቅብኛል። በዚያ ላይ ጊዜው ፍልሰታ ነው፤ እናቴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ አትቀምስም። ማረፊያውስ? ምግቡስ? ከየቱ ልጀምር?»

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ጉዞው ይሆናል፤ እናትዎም ልጆቹም ይደሰቱበታል። መጀመሪያ ግን ሁለት ነገሮች መስተካከል አለባቸው፦ የምትሄዱበት ሳምንትና የቀኖቹ ቅደም ተከተል። ሰዓት የምንጠቅሰው በሐበሻ አቆጣጠር ስለሆነ ቲኬት ሲቆርጡ ወደ አሜሪካው ይመልሱት።

ሳምንቱን ወደ ጁላይ ያምጡት። የሐዋርያት ጾም ሐምሌ 5፣ ማለትም ጁላይ 12 ይፈታል። ፍልሰታ የሚገባው ነሐሴ 1፣ ኦገስት 7 ነው። በመካከሉ ከረቡዕና ከዓርብ በቀር ጾም የሌለበት 25 ቀን አለልዎት። በኦገስት ሁለተኛ ሳምንት ከሄዳችሁ ግን እናትዎ በከፍታና በደረቅ አየር ላይ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ሳይቀምሱ ሊውሉ ነው። በተራራ አየር ላብ ወዲያው ስለሚተን ሰው መድረቁን ሳያውቅ ይደርቃል፤ ትንፋሽም ሲፈጥን ውሃ ይዞ ይወጣል። ከግፊት መድኃኒቶች አንዳንዶቹ ደግሞ ሽንት የሚያበዙ ናቸው። ሦስቱ ሲደራረቡ ከወንበር ሲነሱ ዞሮባቸው ሊወድቁ ይችላሉ። ልጆቹም ቢሆኑ ቴክሳስ ውስጥ ብዙ ትምህርት ቤቶች የሚከፈቱት በኦገስት አጋማሽ ስለሆነ ከጉዞ ተመልሰው ሳያርፉ ክፍል ሊገቡ ነው።

ከሥራ ፈቃድ አንጻር ቀኑ የማይለወጥ ከሆነ «ጾሙን ይተዉት» እያሉ እናትዎን አይጨቅጭቋቸው። ከጉዞው በፊት የነፍስ አባታቸውን በስልክ አገናኟቸው፤ ለታመመ ሰው የሚሰጠውን ፈቃድ ከእሳቸው ቢሰሙት ይሻላል። እንዲህም ሆኖ በጾሙ ሳምንት የተራራው ጫፍ ለእሳቸው ይቅርባቸው።

አሁን ወደ ባለቤትዎ ክርክር። እውነት ነው፣ አዲስ አበባ በ2,350 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ኮሎራዶ ስፕሪንግስ በ1,839 ሜትር ላይ ናት። ከተማይቱ ከአዲስ አበባ ዝቅ ትላለች። ችግሩ እናንተ የምትነሡት ከአዲስ አበባ ሳይሆን ከዳላስ መሆኑ ነው፤ ዳላስ ደግሞ ከባሕር ወለል 130 ሜትር ገደማ ብቻ ከፍ ያለች ናት። ከፍታ የለመደ ሰውነት ቆላ ሲወርድ ያንን ልምዱን በሳምንታት ውስጥ እየተወው ይሄዳል። የኢትዮጵያ ደጋ ሰው በትውልድ ለከፍታ የሚረዳው ነገር እንዳለ ተመራማሪዎች ያጠኑት ጉዳይ ነው፤ ቆላ ለከረመ ሰው ግን ዋስትና አይሆንም። እናትዎም ጁላይ ሲደርስ ቆላ ውስጥ አራት ወር ሊሞላቸው ነው።

የፓይክስ ፒክ ጫፍ 4,302 ሜትር ነው። ባሌን ለሚያውቅ ሰው ከቱሉ ዲምቱ የሚያንሰው በ75 ሜትር ብቻ ነው። እዚያ ላይ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚገባው 60 በመቶ ያህል ነው። ከከተማው ተነሥቶ ጫፉ ለመድረስ ደግሞ ከሁለት ሰዓት በታች ይበቃል። በደረሱ ማግስት የሚወጣ ሰው ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና የእንቅልፍ እጦት የሚይዘው ለዚህ ነው፤ ሰውነቱ የ1,800 ሜትሩን ሳይለምድ የ4,300ው ይጫንበታል። ስለዚህ ጫፉን ወደ መጨረሻው ቀን ይግፉት። ከዚያ በፊት ቢያንስ ሦስት ሌሊት ከተማው ላይ እደሩ።

አካሄዱ እንዲህ ቢሆን እንመርጣለን። ቅዳሜ ጠዋት ከዳላስ ተነሥታችሁ በ287 መንገድ አማሪሎ እደሩ። ርቀቱ 360 ማይል ያህል ነው፤ ከተማው 1,100 ሜትር ላይ ስለሆነ ለሰውነት የመጀመሪያው እርከን ይሆናል። እሑድ በዳልሃርት፣ በክሌይተንና በራቶን አድርጋችሁ ወደ ሰሜን በአይ 25 ትገባላችሁ፤ ይኸም 350 ማይል አካባቢ ነው። ኒው ሜክሲኮ ስትገቡ ሰዓታችሁ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይመለሳል። በ287 ላይ ካሉት ትንንሽ ከተሞች መግቢያ የፍጥነት ወሰኑ በድንገት ከ75 ወደ 35 ሊወርድ ስለሚችል ቅጣት የሚበዛው እዚያ ነው። በክሌይተንና በራቶን መካከል ረጅም ባዶ ሜዳ አለና ቤንዚን ግማሽ ሳይደርስ ይሙሉ።

ኮሎራዶ ከገቡ በኋላ ማደያው ላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። እዚያ ርካሹ ቤንዚን ብዙ ጊዜ 85 ኦክቴን ነው፤ ቴክሳስ የለመዳችሁት 87 ደግሞ በመካከለኛው መያዣ ላይ ይገኛል። የመኪናችሁ መመሪያ 87 የሚል ከሆነ መካከለኛውን ቅዱ፤ ስድስት ሰው ጭኖ ተራራ ለሚወጣ ሞተር የዋጋው ልዩነት አይቆጭም።

ሰኞ ገና ስለደከማችሁ አንድ ነገር ብቻ፣ ጋርደን ኦፍ ዘ ጎድስ። ቀይ የአሸዋ ድንጋይ እንደ ግድግዳ የቆመበት የከተማው ፓርክ ነው፤ መግቢያው ነጻ ነው። ከሁለት ሰዓት ተኩል በፊት ግቡ፤ ከረፈደ ማዕከላዊው ማቆሚያ ይሞላል። በቋጥኞቹ መካከል የሚዞረው መንገድ የተነጠፈና ሜዳ ነው፤ ርዝመቱ ሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ስለሆነ እናትዎ ቀስ ብለው ይጨርሱታል፤ የልጅ ጋሪም ይሄድበታል። የ9 ዓመቱ ልጅ ድንጋዩ ላይ ልውጣ ማለቱ አይቀርም። ያለ መሣሪያና ያለ ፈቃድ መውጣት የተከለከለ ነው፤ ያስቀጣል፤ ከሁሉ በላይ ግን ድንጋዩ እየተፈረፈረ ከእግር ስር ይከዳል። ከመንገዱም ባይወጡ ደግ ነው፣ እባብ አለ።

ማክሰኞ ወደ ሻያን ማውንቴን የእንስሳት መኖሪያ። ቲኬቱ የሚሸጠው ቀንና የመግቢያ ሰዓት ተቆርጦለት ስለሆነ በር ላይ አገኛለሁ ብለው አይሂዱ። የተሠራው ተራራ ጎን ላይ ነው፣ መንገዱ ሁሉ ዳገትና ቁልቁለት ነው። መጀመሪያ ቀጭኔዎቹ ጋ ሂዱ፤ ሰላጣ ተገዝቶ ከእጅ ላይ ይበላሉ፤ የ4 ዓመቱ ሕፃን የጉዞው ትዝታ እሱ ነው የሚሆነው። እናትዎ እዚያው ወንበር ላይ ቢቀሩ ምንም አይጎድልባቸውም። እስከ ስድስት ሰዓት ጨርሳችሁ ውጡ።

ይህን «እስከ ስድስት ሰዓት» የምንለውን ነገር በቁም ነገር ይያዙልን። በጁላይና በኦገስት በዚያ ተራራ ጠዋቱ ብሩህ ይሆንና ከሰዓት ደመናው ይከመራል። ከደቡብ የሚመጣው እርጥበት በፀሐይ ሞቆ ወደ ላይ ሲገፋ መብረቅና በረዶ ይሆናል። የበረዶው ፍሬ አንዳንዴ የመኪና መስታወት የሚሰብር ነው፤ በኦገስት 2018 እዚያው የእንስሳት መኖሪያ ላይ ወርዶ ሰው አቁስሏል፣ እንስሳትም ገድሏል። ስለዚህ የውጭ ጉዳይ ሁሉ በጠዋት፤ ከሰዓት ደግሞ ቤት፣ እንቅልፍ ወይም ጣሪያ ያለው ቦታ። ለዚህ የሚሆን በ2020 የተከፈተው የኦሊምፒክና የፓራሊምፒክ ሙዚየም መሀል ከተማ ይገኛል፤ ስፖርት የሚወድ የ13 ዓመት ልጅ ሁለት ሰዓት አይበቃውም። ነጎድጓድ ከሰማችሁ ከዛፍ ስር ሳይሆን መኪና ውስጥ ተጠለሉ።

ረቡዕ ጾም ስለሆነ እናትዎ ቤት አርፈው ይዋሉ። እናንተ ከሦስት ሰዓት በፊት ማኒቱ ስፕሪንግስ ድረሱ። ትንሽ ከተማ ናት፤ መኪና ማቆሚያዋ ጠባብ ነው፤ ከረፈደ ስትዞሩ ትውላላችሁ። በየመንገዱ ዳር ከመሬት ውስጥ በራሱ ጋዝ ይዞ የሚወጣ የማዕድን ውሃ በቧንቧ ይወርዳል፣ በነጻ ነው። ጣዕሙ ከምንጭ ምንጭ ይለያያል፤ አንዱ ለስለስ ያለ ሲሆን ሌላው ብረት ብረት ይላል። አምቦ ውሃ ላደገበት ሰው እንግዳ አይሆንም። ኩባያ ከቤት ይዛችሁ ሂዱ፤ በጠርሙስም ለእናትዎ አምጡላቸው፤ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ይቅመሱት። የግፊት ሕመምተኛ ስለሆኑና አንዳንዱ ምንጭ ጨው ስላለበት ከቅምሻ አይለፍ።

ባቡሩ የሚነሣውም ከማኒቱ ነው። በ1891 ሥራ የጀመረ፣ ጥርስ ባለው ሐዲድ የሚወጣ ባቡር ነው፤ ከተሃድሶ በኋላ በ2021 ዳግመኛ ተከፍቷል። ባለቤትዎ መመኘታቸው አይፈረድባቸውም። እኛ ግን ለእናትዎና ለትንሹ ልጅ አንመክረውም፤ ምክንያታችንም ዋጋው አይደለም። ጉዞው ከጫፉ ቆይታ ጋር ሦስት ሰዓት ይፈጃል፤ ባቡሩ ውስጥ መጸዳጃ የለም። ከሁሉ የሚከፋው ግን መሀል ላይ ሰው ቢያመው «አቁሙልን፣ እንመለስ» ማለት አለመቻሉ ነው። የከፍታ ሕመም ትክክለኛ መድኃኒቱ መውረድ ነው፤ በራሳችሁ መኪና ከሆናችሁ ያንን በአምስት ደቂቃ ትወስናላችሁ። ባለቤትዎ ካልተዉት ረቡዕ ጠዋት ሁለቱን ትልልቅ ልጆች ይዘው በባቡሩ ይውጡ፤ ሦስት ሌሊት ስላደሩ ይችሉታል። እርስዎ ከትንሹ ጋር ማኒቱ ትቆያላችሁ። እንዲያ ከሆነ ሐሙስ ጫፍ ድረስ መሄዱ ለማንም አያስፈልግም።

ሐሙስ ጾም የለም፤ አራት ሌሊት አድራችኋል፤ የተራራው ቀን ይህ ነው። በመኪና የሚወጣው መንገድ ከበሩ እስከ ጫፉ 19 ማይል ነው። በበጋ ወራት በሰዓት የተወሰነ የመግቢያ ቀጠሮ በኢንተርኔት መያዝ ግዴታ ነው፤ ለቀጠሮው 2 ዶላር ይከፈላል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ሁለቱ ዶላር የመግቢያ ዋጋ አይደለም፣ መግቢያው ለብቻው ይከፈላል። የመግቢያው ዋጋ በሰው ቁጥር ወይም እስከ 5 ሰው ለሚይዝ መኪና በጥቅል ስለሚከፈል ስድስት ሰው ይዛችሁ የትኛው እንደሚቀል አስልታችሁ ክፈሉ። ቀጠሮውን ከሚገኘው ሁሉ ማለዳውን ምረጡ።

ቁርስ ቀለል ያለ ይሁን፤ ቅቤ የበዛበት ፍርፍር ለመመለሻው ይቆይ። አንዴ ክሪስታል ክሪክ የውሃ ግድቡ ጋ፣ 2,800 ሜትር አካባቢ፣ አንዴ ደግሞ ግሌን ኮቭ፣ 3,480 ሜትር ገደማ፣ ቁሙ። በእያንዳንዱ ማቆሚያ አሥራ አምስት ደቂቃ ውረዱ፤ ውሃ ጠጡ፤ እናትዎን በቀጥታ ይጠይቋቸው፦ ራስዎን ያምዎታል? ያቅለሸልሽዎታል? ደረትዎን ይጨንቅዎታል? እናቶቻችን «ደኅና ነኝ» ማለት ስለሚቀናቸው መልሱን ብቻ አይመኑ፤ ፊታቸውንና አነጋገራቸውን ይዩ። ከሦስቱ አንዱ ካለ ከግሌን ኮቭ መመለስ ነው። ከዚያ የሚታየው ራሱ ጉዞውን የሚክስ ነው። ትንሹ ልጅ ራሴን አመመኝ ብሎ ላይናገር ይችላል፤ መነጫነጭ፣ ምግብ እምቢ ማለትና ያለ ሰዓቱ መተኛት ምልክቱ ነው።

ጫፉ ላይ ከሠላሳ ደቂቃ ባይበልጥ ይሻላል። ልጆቹ እንዳይሮጡ። ከተማው 30 ዲግሪ ሲሆን ጫፉ ከ10 በታች ሊወርድ ይችላል፤ ነፋሱ ሲጨመር ለእጅ ያቃጥላል፤ ለእያንዳንዱ ሰው ጃኬት፣ ረጅም ሱሪና ጆሮ የሚሸፍን ኮፍያ ያዙ። ከአምስት ሰዓት በፊት ቁልቁል መጀመር አለባችሁ፤ መብረቁ የሚወደው ዛፍ የሌለበትን ያንን ገላጣ ነው። መናገር የተደናገረው፣ እየተንገዳገደ የሚሄድ ወይም ተቀምጦም የሚያለከልክ ሰው ካለ ፎቶውን ትታችሁ ወዲያው ውረዱ፣ 911ም ደውሉ።

አወራረዱ ከአወጣጡ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ፍሬን እየረገጡ የሚወርዱ ሰዎች ግሌን ኮቭ ሲደርሱ ጎማው አካባቢ የተቃጠለ ሽታ ይሸታቸዋል፤ እዚያ ሠራተኞች የፍሬኑን ሙቀት ለክተው የጋለውን መኪና እስኪቀዘቅዝ ያቆሙታል። ማርሹን ወደ 2 ወይም ወደ 1 አውርዱና ሞተሩ ይያዘው፤ ፍሬኑን አጠር አድርጎ ረግጦ መልቀቅ ነው። ተራራው ላይ ማደያ ስለሌለ ሲወጡም ከግማሽ ታንክ በላይ ይኑራችሁ። ብዙ ቦታ ላይ መከላከያ አጥር የለም፤ ገደል የሚፈሩ ከሆነ እናትዎን በተራራው በኩል አስቀምጧቸው።

ማረፊያ ከተማው ምዕራብ በኩል፣ ኦልድ ኮሎራዶ ሲቲ አካባቢ፣ ማድ ቤት ያለው ባለ ሁለት መኝታ ቤት ፈልጉ። የምትሄዱባቸው ቦታዎች አብዛኛዎቹ ከዚያ ቅርብ ናቸው። የማስታወቂያውን የሌሊት ዋጋ ሳይሆን የጽዳትና የአገልግሎት ክፍያ የተጨመረበትን ጠቅላላ ድምር አወዳድሩ። ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ኤሲ አለው? የእናትዎ ክፍልስ ያለ ደረጃ ይገባል? ማኒቱ ውስጥ ያሉት ውብ አሮጌ ቤቶች ደረጃቸው ብዙ ነው፤ ኤሲ የሌላቸውም አሉ። ከእሑድ እስከ ዓርብ ማደራችሁም ይጠቅማችኋል፤ ቅዳሜና እሑድ ዋጋው ይወደዳል።

ምግቡን ከዳላስ ይዛችሁ ሂዱ። የሐበሻ ሱቅና ምግብ ቤት በብዛት ያለው ዴንቨርና አውሮራ ነው፤ እሱ ደግሞ ከአንድ ሰዓት በላይ ወደ ሰሜን ስለሆነ ለእናንተ የመመለሻችሁ ተቃራኒ ነው፤ ለብቻው አንድ ቀን ካልጨመራችሁ ተዉት። በቀን አንዴ እንጀራ ብትበሉ አርባ እንጀራ ይበቃችኋል። አሥር አሥሩን በፕላስቲክ አጥብቃችሁ አቀዝቅዙት፤ ኩለሩ ውስጥ በረዶ ሆኖ ሌላውንም ያቀዘቅዝላችኋል። ሲቀልጥ ከፕላስቲኩ ሳይወጣ ይቅለጥ፤ በዚያ ደረቅ አየር ጫፉ ወዲያው ድርቆሽ ይሆናል። ለመንገድ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና በሶ ያዙ። ከተማው ላይ ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ምስርና ክክ ከለመዳችሁት ይቆያሉ፤ ማታ ዘፍዝፉት ወይም ቤት አብስላችሁ አቀዝቅዛችሁ ያዙ። ሽሮው ችግር የለበትም።

ቡናው በምድጃው ላይ ይፈላል። ከሰልና ዕጣን ግን ኪራይ ቤት ውስጥ አይሞከር፤ የጭስ ማስጠንቀቂያው ከመጮሁም ሌላ የጽዳት ቅጣት ያስከፍላል፣ የከሰል ጭስ በተዘጋ ቤት ውስጥ ይገድላል። በረንዳ ላይም በበጋ የእሳት እገዳ ሊኖር ስለሚችል አከራዩን ጠይቁ። ማታ ማታ ኩለሩ መኪና ውስጥ እንዳይቀር፤ በምዕራቡ በኩል ድብ ከተራራ ወርዶ የመኪና በር ይከፍታል፣ የቅቤ ሽታ ደግሞ ከሩቅ ይጠራዋል።

ለአየሩ ድርቀት ቫዝሊን ያዙ፤ ልጆች አፍንጫቸው ይደማል፤ ማታ አፍንጫቸው ውስጥ ስስ አድርጎ መቀባት ይረዳል። ፀሐዩ በከፍታ ላይ ስለሚበረታ የቆዳ መከላከያ ቅባት ለጥቁር ቆዳም ያስፈልጋል።

ከመንገዱ ሦስት ሳምንት በፊት እናትዎን ሐኪም ጋ ይውሰዷቸው። «4,300 ሜትር ለግማሽ ሰዓት ይውጡ?» ብለው ቁጥሩን ጠቅሰው ይጠይቁ፤ «ተራራ እንሄዳለን» ብቻ ካሉ መልሱም እንደዚያው ጥቅል ይሆናል። ከከፍታ ሕመም የሚከላከለው አሴታዞላማይድ ራሱ ሽንት የሚያበዛ ስለሆነ ከግፊት መድኃኒታቸው ጋር መስማማቱን፣ ሰልፋ ለሚባሉት መድኃኒቶች አለርጂ እንዳለባቸውም ያነጋግሩ። መድኃኒታቸውን ከሚያስፈልገው ቀን በላይ ለአንድ ሳምንት ጨምረው በእጅ ቦርሳ ይያዙ፤ የግፊት መለኪያም ቢኖር ጠዋትና ማታ ይለኩላቸው። የጎብኝ የጤና መድን ካላቸው ከዚህ ቀደም የነበረን ሕመም ይሸፍን እንደሆነ ወረቀቱን አንብቡ፤ ወረቀቱና ፓስፖርታቸው መኪናው ውስጥ ይሁን።

ቤቱን አሁን ያዙ፤ ጁላይ ላይ ቶሎ የሚያልቀው እሱ ነው። ከዚያ የሐሙሱን የተራራ ቀጠሮ፣ ከዚያ የማክሰኞውን የእንስሳት ቲኬት ቁረጡ። የባቡሩን ቲኬት ግን ባለቤትዎ ይህንን ካነበቡ በኋላ ይወስኑ።